ስለ ሂንዱ እምነትና አምልኮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ለትምህርት ህንድ አገር፣ ፑኔ ከተማ በኖርኩባቸው ዓመታትና ከተመለስኩም በኋላ ወዳጅ ዘመድ ደጋግሞ የጠየቀኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚከብደው እሄዳለሁ።

ሂንዱ ማለት ህንዳዊ ማለት ነው?

አይደለም። ህንዳዊነት ዜግነት ነው፤ ሂንዱ ደግሞ የሃይማኖት ስም ነው። ሁለቱ ቃላት የሚመሳሰሉት ምንጫቸው አንድ ስለሆነ ነው። በሳንስክሪት ሲንዱ የሚባለውን፣ ዛሬ ኢንደስ የምንለውን ወንዝ የጥንት ፋርሶች «ሂንዱ» እያሉ ይጠሩት ነበር። ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ሕዝብም በዚያው ስም ተጠራ። አማኞቹ ራሳቸው እምነታቸውን ሲጠሩ «ሳናታና ዳርማ» ይላሉ፤ ዘላለማዊው ሥርዓት እንደ ማለት ነው።

በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከመቶ ህንዳውያን 80 ያህሉ ሂንዱ፣ 14 ያህሉ ሙስሊም ነበሩ፤ ክርስቲያኑ፣ ሲኩ፣ ቡድሂስቱና ጃይኑም አለ። በንጉሡ ዘመን በየጠቅላይ ግዛቱ ካስተማሩን ህንዳውያን መምህራን ብዙዎቹ ከኬረላ የመጡ ክርስቲያኖች ነበሩ። በ1965 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ በተካሄደው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ የህንድ ቤተ ክርስቲያንም ተገኝታ ነበር። በሌላ በኩል ህንዳዊ ያልሆነ ሂንዱ ሞልቷል፤ የኔፓል ሕዝብ አብዛኛው፣ በኢንዶኔዥያም የባሊ ደሴት ሕዝብ ሂንዱ ነው።

መሥራቹ ማን ነው? አንድ ቅዱስ መጽሐፍስ አላቸው?

መሥራች የለውም። «በዚህ ዓመት፣ በዚህ ሰው ተጀመረ» የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉንም የሚያዝ ሲኖዶስ ወይም ፓትርያርክም የለም። የምንጮች ሁሉ ምንጭ ተደርገው የሚታዩት አራቱ ቬዳዎች ናቸው። ከእነርሱም አንጋፋው ሪግ ቬዳ 1028 መዝሙሮች አሉት፤ ዕድሜው ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ነው። በጽሑፍ ከመስፈሩ በፊት ለብዙ ትውልድ በቃል ብቻ ተላልፏል። ተማሪው ቃላቱን ወደፊትና ወደኋላ እያጠላለፈ ያጠናል፤ አንዲት ድምፅ እንዳትሳሳት። ዳዊትና ድጓ በቃል ሲወጣ ያየ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

ተራው ምእመን ግን በየዕለቱ የሚኖረው ከቬዳ ይልቅ ከታሪኮቹ ጋር ነው፦ ከራማያና፣ ከማሃባራታና በማሃባራታ ውስጥ ካለችው ከ700 ስንኟ ባጋቫድ ጊታ ጋር።

330 ሚሊዮን አማልክት አሏቸው ይባላል። እውነት ነው?

ቁጥሩ የመጣው «ሠላሳ ሦስት ኮቲ» ከሚለው አባባል ነው። ኮቲ አሥር ሚሊዮን ማለት ነው፤ በሳንስክሪት ግን «ዓይነት» የሚል ትርጉምም ስላለው፣ «ሠላሳ ሦስት ዓይነት ለማለት ነው እንጂ ሚሊዮን አይቆጠርም» የሚሉ ሊቃውንት ብዙ ናቸው።

ጥያቄው ግን ለሂንዱዎችም አዲስ አይደለም። ብሪሃዳራንያካ በተባለው ጥንታዊ ኡፓኒሻድ፣ ከቬዳዎቹ ጋር በሚቆጠር የጥበብ መጽሐፍ ውስጥ፣ አንድ ተከራካሪ ያግናቫልክያ የተባለውን ሊቅ «አማልክት ስንት ናቸው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ሊቁ በመጀመሪያ ሦስት ሺህ ሦስት መቶ ስድስት አለው። «እሺ፣ ግን ስንት ናቸው?» ሲለው ሠላሳ ሦስት አለ። ደግሞ ሲጠይቀው ስድስት፣ ደግሞ ሦስት፣ ደግሞ ሁለት፣ ቀጥሎም አንድ ተኩል፤ በመጨረሻ አንድ። እኔ ለዚህ ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ብዙዎቹ ሂንዱዎች ብራህማን የሚሉት አንድ፣ ወሰን የሌለው እውነት አለ ብለው ያምናሉ። ቪሽኑ፣ ሺቫ፣ እናት አምላክ ዱርጋ፣ ዝሆን ራሱ ጋኔሻ ያ አንዱ የተገለጠባቸው መልኮች ናቸው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ «የለም፤ ልዑሉ አምላክ ቪሽኑ ራሱ ነው፣ የቀሩት አገልጋዮቹ ናቸው» ይላሉ። ሁለቱም ሂንዱ ናቸው።

ፑጃ ምንድን ነው? ቤታቸው ውስጥ በየማለዳው የሚያደርጉት ነገር ምን ትርጉም አለው?

ፑጃ አምልኮ ነው። ግን «አምልኮ» ብቻ ብሎ ማለፍ ዋናውን ያስቀራል። ፑጃ እንግዳ መቀበል ነው። ሙሉው ሥርዓት አሥራ ስድስት ደረጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉን ስሙ፦ አምላክን ይጠሩታል፣ መቀመጫ ያቀርቡለታል፣ እግሩን ያጥቡታል፣ የእጅ ውሃ ይሰጡታል፣ የሚጠጣው ውሃ ያቀርቡለታል፣ ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ሽቶና አበባ ያደርጉለታል፣ ያጥኑታል፣ መብራት ያበሩለታል፣ ያበሉታል፤ ከዚያ ዞረው ሰግደው ይሸኙታል። አያቶቻችን ከሩቅ መንገድ የመጣ እንግዳ ሲገባ እግሩን በሞቀ ውሃ አጥበው፣ እጁን አስታጥበው፣ ማዕድ እንዳቀረቡለት ማለት ነው።

ፑኔ ያከራዩኝ አሮጊት ሰፈርተኛው ሁሉ «አጂ» ይላቸው ነበር፤ በማራቲ ቋንቋ አያት ማለት ነው፣ እኛ እማማ እንደምንለው። ወጥ ቤታቸው ውስጥ፣ ከማሰሮዎቹ በላይ አንዲት ትንሽ የእንጨት መደርደሪያ ነበረች፤ የአምላኮቻቸው ቤት እርሷ ነበረች። ንጋት ላይ ታጥበው፣ ቡና ሆነ ሻይ ወደ አፋቸው ሳያስጠጉ የነሐሶቹን ትናንሽ ምስሎች አንድ በአንድ በውሃ አጥበው በጨርቅ ያደርቃሉ። ግንባራቸው ላይ እርድና ቀይ ዱቄት ያደርጉላቸዋል። በረንዳው ላይ ከተተከለው ቱልሲ፣ የበሶብላ ዘመድ ነው፣ ጥቂት ቅጠል ቀጥፈው ያኖራሉ። ሰንደል ይለኩሳሉ፤ ጥጥ ፈትለው በንጥር ቅቤ የነከሩትን ክር ያበሩና በቀኝ እጃቸው መብራቱን እያዞሩ፣ በግራቸው ትንሿን ደወል ያቃጭላሉ። የመብራቱ ሥርዓት አርቲ ይባላል። ሲያበቁ መዳፋቸውን ከነበልባሉ በላይ አሳልፈው ዓይናቸውን ይዳስሳሉ። ከሃያ ደቂቃ አይበልጥም። ቸኩለው ያደረጉበትን ቀን ግን አላስታውስም።

ይህ ሁሉ ግዴታ እንዳይመስላችሁ። በጊታ ውስጥ ክሪሽና፣ ቪሽኑ በሰው መልክ የተገለጠበት ነው የሚሉት፣ በፍቅር የቀረበ ከሆነ ቅጠልም፣ አበባም፣ ፍሬም፣ ውሃም እቀበላለሁ ይላል። ድሃውም ሀብታሙም ይህን ስንኝ ያውቀዋል።

ታዲያ ይህ ጣዖት ማምለክ አይደለም?

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሃይማኖቱ ስለ ምስል የሚያስተምረውን ያውቃል፤ ያንን ትምህርት እዚህ ላይ ልሽረው አልተነሣሁም። ጥያቄው «እነርሱ ምን እያደረጉ ነው ብለው ያምናሉ?» ከሆነ ግን መልሱ ግልጽ ነው፤ ድንጋዩን ወይም ነሐሱን አምላክ አይሉትም። ምስሉ ሙርቲ ይባላል፣ ቅርጽ ያዘ፣ ረጋ እንደ ማለት። ከቅርጻ ቅርጽ ሠሪው እጅ ሲወጣ ዕቃ ነው፤ አምላክ እንዲያድርበት የሚለምን ልዩ ጸሎት ከተደረገለት በኋላ ብቻ ይሰገድለታል። ጊታም ሥጋ ለለበሰ ሰው መልክ የሌለውን ማሰብ ከባድ መንገድ እንደሆነ ይናገራል።

ነገሩ ለእኔ የበራልኝ በጋኔሻ በዓል ነው። ከሸክላ ጭቃ የተሠራ ጋኔሻ ተገዝቶ ወደ ቤት ይገባል፤ እንደ ቤቱ ልማድ አንድ ቀን ተኩል፣ አምስት፣ ሰባት ወይም አሥር ቀን ይሰነብታል። በእነዚያ ቀናት በእንግዳው ፊት ክፉ ቃል አይወጣም፣ ቤቱም ባዶውን አይተውም። በመጨረሻው ቀን አጂ የስንብቱን ጸሎት አድርሰው ምስሉን ከመቀመጫው በትንሹ አነቃነቁት፤ «ተነሣ፣ መንገድ አለብህ» እንደ ማለት ነው። ከዚያ በሸክላው መዳፍ ላይ አንድ ማንኪያ እርጎ አኖሩ። ምንድን ነው ብላቸው «ስንቅ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል ነገሩኝ። ለመንገዱ። ሰፈሩ ሁሉ ከበሮ እየመታ «ጋንፓቲ ባፓ ሞርያ፣ በመጪው ዓመት ቶሎ ና!» እያለ (ጋንፓቲ የጋኔሻ ሌላ ስሙ ነው) ወደ ውሃ ወረደ፤ ምስሉም ሦስቴ ጠልቆ ወጥቶ ቀለጠ። አጂ ባዶውን ሳንቃ ታቅፈው እንባቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። ምስሉን ራሱን አምላክ ቢሉት ኖሮ በገዛ እጃቸው ውሃ ውስጥ አያቀልጡትም ነበር።

ሕዝቡ እየዘመረ ወደ ውሃ መውረዱ የእኛን ጥምቀት ያስታውሳል፤ ሆኖም ታቦቱ ወደ መንበሩ ይመለሳል፣ የሸክላው ጋኔሻ ግን አይመለስም። ዛሬ ብዙዎቹ ምስሎች ከጄሶ ስለሚሠሩ ወንዙን ይበክላሉ፤ ስለዚህ የከተማው አስተዳደር ለዚሁ የሚሆኑ ገንዳዎች ያዘጋጃል። ደግሞም በምስል ማምለክን የሚቃወሙ ሂንዱዎች እንዳሉ መታወቅ አለበት። በ1875 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው አርያ ሳማጅ ምስልን ጨርሶ አይቀበልም፤ ክርክሩ በራሳቸው ቤት ውስጥም አለ።

የጋኔሻ ራስ ለምን የዝሆን ሆነ?

ታሪኩ እንዲህ ነው። ፓርቫቲ ገላዋን ስትታጠብ በር የሚጠብቅላት ልጅ ከእርድ ሊጥ አበጀች። ባልዋ ሺቫ ሲመጣ ልጁ አላስገባም አለው፤ ሺቫም ተቆጥቶ ራሱን ቆረጠው። የእናቲቱን ኀዘን ሲያይ የዝሆን ራስ አምጥቶ ተከለለትና ሕይወት ዘራበት፣ ከአማልክት ሁሉ በፊት እንዲጠራም ሾመው። ለዚህ ነው ሱቅ ሲከፈት፣ ሠርግ ሲደገስ፣ መኪና ሲገዛ መጀመሪያ ጋኔሻ የሚለመነው።

ላም ያመልካሉ? ሥጋስ የሚበላ የለም?

ላም ትከበራለች እንጂ የአምላክነት ስፍራ የላትም። ምክንያቱን ሲነግሯችሁ «እናት ናት» ይላሉ። ልጁ ጡት ከጣለ በኋላ ወተቷን የምትሰጠው እርሷ ናት፣ በሬዋ ያርሳል፣ ኩበቷ ይነድዳል። ከዚያ በላይ «አሂምሳ»፣ ማለትም ነፍስ ያለውን አለመጉዳት የሚለው ትእዛዝ አለ። በአብዛኞቹ የህንድ ክፍለ ግዛቶች ላም ማረድ በሕግ የተከለከለ ነው፤ በኬረላ ግን የከብት ሥጋ በግልጽ ይበላል።

ሂንዱ ሁሉ ሥጋ አይበላም የሚለው ግን ስህተት ነው። ፍየልና ዶሮ የሚበላው ብዙ ነው፤ በቤንጋል ከካህናት ወገን የሆኑት ብራህሚኖች እንኳ ዓሣ ይበላሉ። ሥጋ የማይበሉትም ቢሆኑ ወተት፣ እርጎና ቅቤ አይተዉም። በዚህ የእኛ ጾም ከእነርሱ ይጠብቃል። ህንዳዊ እንግዳ ሲመጣባችሁ የጾም ምግብ ብታቀርቡ ብዙውን ጊዜ ይስማማል። ብቻ ስለ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ጠይቁ። አጂ በክረምቱ አራት ወራት ሁለቱንም አይቀምሱም ነበር፤ ያለ ሽንኩርት የሠራሁትን ሽሮ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉልኝ።

ግንባር ላይ የሚደረገው ነጥብና መስመር ምንድን ነው?

ሴቶች የሚያደርጉት ቀይ ነጥብ ቢንዲ ይባላል፤ በቀድሞው ልማድ ያገባች ሴት ምልክት ነው፣ ዛሬ ግን ለጌጥም ይደረጋል። ከፑጃ በኋላ የሚቀባው ቲላክ ነው። አግድም የተሰመሩ ሦስት የአመድ መስመሮች የሺቫ ተከታይን፣ ወደ ላይ የቆሙ መስመሮች የቪሽኑ ተከታይን ያመለክታሉ።

ስዋስቲካን ለምን በየበራቸው ይሥላሉ?

ቃሉ ሳንስክሪት ነው፤ «ስቫስቲ» ደኅንነት፣ በጎ ማለት ነው። ናዚዎች ከመውሰዳቸው ከብዙ ሺህ ዓመት በፊት የበረከት ምልክት ነበር፤ ለሂንዱ፣ ለጃይንና ለቡድሂስት አሁንም ያው ነው። ላሊበላ ቤተ ማርያም የደረሰ ሰው መስኮቶቹን አስተውሎ ቢያይ ተመሳሳይ ቅርጽ ተፈልፍሎ ያገኛል።

ካርማ ማለት ዕድል ነው? ሰው ተመልሶ ይወለዳል የሚሉትስ?

ካርማ በቀጥታ ትርጉሙ ሥራ ማለት ነው። ዕድል ከውጭ የሚመጣ ነው፤ ካርማ ግን ሰው በገዛ እጁ የዘራው ነው፣ የሚያጭደውም እርሱ ነው። ነፍስ፣ አትማን የሚሏት፣ አትሞትም። ጊታ ሰው ያረጀ ልብሱን አውልቆ አዲስ እንደሚለብስ ነፍስም ያረጀ ሥጋዋን ጥላ አዲስ ትለብሳለች ይላል። ምን ዓይነት ልብስ እንደምትለብስ የሚወስነው ሥራዋ ነው። በመጨረሻ የሚፈለገው ግን የተሻለ ልደት አይደለም፤ ከዚህ ዙሪት ጨርሶ መውጣት ነው፣ ሞክሻ ይሉታል። ሞክሻ ሲደረስ ነፍስ ከብራህማን ጋር አንድ ትሆናለች ወይስ ለዘላለም በአምላኳ ፊት ትኖራለች? በዚህ ላይ የሁለቱ ሊቃውንት፣ የሻንካራና የማድቫ ትምህርት ቤቶች ለዘመናት ተከራክረዋል።

አስከሬን የሚቃጠለውም በዚህ እምነት ነው። ነፍስ ከተለየችው ሥጋ ጋር የሚያስራት ነገር እንዳይቀር እሳቱ ይፈታታል፤ አመዱ ወደ ወንዝ፣ ቢቻል ወደ ጋንጋ ይሰጣል። በቫራናሲ፣ በማኒካርኒካ የወንዝ ዳር ደረጃ ላይ እሳቱ ቀንና ሌሊት አይጠፋም። ሕፃናትና ዓለምን የናቁ መናንያን ግን በአብዛኛው ይቀበራሉ።

ሰውን በዘር የሚከፋፍለው ሥርዓት የእምነቱ ክፍል ነው?

ይህን ጥያቄ አድበስብሶ ማለፍ ለተበደሉት ሰዎች ክብር መንፈግ ነው። በሪግ ቬዳ ውስጥ አራት መደቦች ተጠቅሰዋል፦ ብራህሚን፣ ክሻትሪያ፣ ቫይሽያ፣ ሹድራ። በኑሮ ግን ሕዝቡ በሺህ በሚቆጠሩ፣ እርስ በርስ በማይጋቡ የትውልድ ጎራዎች ተከፋፍሏል። ከሁሉም በታች የተጣሉት፣ ዛሬ ራሳቸውን ዳሊት የሚሉት ሰዎች «አትንኩኝ» ተብለው ከጉድጓድ ውሃ እንዳይቀዱ፣ ቤተ መቅደስ እንዳይገቡ ተከልክለው ኖረዋል። ካርማንም ለዚህ ማስረጃ ያደረጉት ነበሩ፤ «በቀድሞ ሕይወቱ ቢበድል ነው እንዲህ የተወለደው» እያሉ።

ከዚያው ወገን የተወለዱት ቢ. አር. አምበድካር በ1927 እ.ኤ.አ. ማሃድ በተባለች ከተማ ሕዝባቸውን መርተው ከተከለከሉት ኩሬ ውሃ ጠጡ። በኋላም ሕገ መንግሥቱን ያረቀቀውን ኮሚቴ መሩ፤ አንቀጽ 17 «አትንኩኝ» መባባልን ሻረ። ያም ሆኖ በ1956 እ.ኤ.አ. ናግፑር ላይ ከመቶ ሺዎች ተከታዮቻቸው ጋር ወደ ቡድሂዝም ገቡ፤ እምነቱ ከዚህ በሽታ ይላቀቃል ብለው አላመኑም። በሌላ ወገን እንደ ባለቅኔው ራቪዳስ ያሉ ቆዳ ሠሪዎች በዘር መበላለጥን ከእምነቱ ውስጥ ሆነው ሲቃወሙ ኖረዋል። ሕጉ ከወጣ ከሰባ ዓመት በኋላም በደሉ በየገጠሩ አለ። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩንና ፋቂውን «ቡዳ» ብለን ከማዕዳችን ያራቅን እኛም ይህን ስንሰማ እንደ ሩቅ አገር ወሬ ልንሰማው አይገባም።

ቤተ መቅደሳቸው ብገባ ምን ልጠንቀቅ?

ጫማ ይወልቃል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ። ዙሪያውን ስትሄዱ መቅደሱን በቀኛችሁ አድርጉ። ስትቀመጡ እግራችሁን ወደ ምስሉ አትዘርጉ፣ ካህኑ ካለበት ከውስጠኛው ክፍል አትግቡ፣ ሳትጠይቁ ፎቶግራፍ አታንሡ። ሕዝቡ እየተጋፋ ወደፊት የሚጠጋው ለዳርሻን ነው፤ ለማየትና ለመታየት። «ጸለይኩ» ከሚሉት ይልቅ «ዳርሻን አገኘሁ» ሲሉ ትሰማላችሁ።

ሁሉም ቤተ መቅደስ ለሁሉም ክፍት አይደለም። ፑሪ የሚገኘው የጃጋናትና ቲሩቫናንታፑራም የሚገኘው የፓድማናባስዋሚ ቤተ መቅደስ ሂንዱ ያልሆነ አያስገቡም። በአረብ አገር የምትኖሩ ግን በ2022 እ.ኤ.አ. ጀበል አሊ፣ በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቡ ዳቢ የተከፈቱትን ቤተ መቅደሶች መጎብኘት ትችላላችሁ።

ለአምላካቸው ያቀረቡትን ምግብ ቢሰጡኝ ልብላ? እምቢ ብልስ ይቀየሙኛል?

በዱባይም በአዲስ አበባም ከህንዳውያን ጋር ከሚሠሩ ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚመጣልኝ ጥያቄ ይህ ነው። ምግቡ ፕራሳድ ይባላል፤ ጸጋ ማለት ነው። ለአምላክ ቀርቦ፣ ተባርኮ ተመልሷል ተብሎ ስለሚታመን ለመጣ ሰው ሁሉ ይታደላል። ሰጪው ሃይማኖታችሁን ሊያስቀይራችሁ አስቦ አይደለም፤ ለእርሱ ፕራሳድ ሳያካፍሉ መብላት ነውር ነው። ብትበሉት ሂንዱ ሆነ የሚላችሁ የለም። ለመብላት ወይም ለመተው ግን የምትጠይቁት የራሳችሁን ሃይማኖትና ሕሊና ነው። የክርስቲያን ሥጋ፣ የእስላም ሥጋ ብለን ማዕድ የምንለይ ሕዝብ ስለሆንን ነገሩ ለእኛ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የማትበሉ ከሆነ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ «እምነቴ አይፈቅድልኝም፣ አክብሮቴ ግን ይድረሳችሁ» በሉ። ከወሰዳችሁት በቀኝ እጅ ተቀበሉ፤ የተረፈውን ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉት፣ ለሌላ ሰው ስጡት።

እኔ በመጀመሪያው ዓመት አልበላሁም። አጂ ለጋኔሻ ሃያ አንድ ሞዳክ ሠርተው አቅርበው ነበር፤ ከሩዝ ዱቄት ተጠፍጥፎ ኮኮናትና ጥቁር ስኳር የሚሞላ፣ በእንፋሎት የሚበስል ጣፋጭ ነው። አንገቴን ደፍቼ አልችልም ስላቸው ምንም አላሉም። በሚቀጥለው ዓመት በዓሉ ሲደርስ ሁለት ሳህን ይዘው ወጡ፤ አንደኛውን ለጎረቤት ልጆች አደሉና ሌላውን ከፊቴ አስቀመጡ። «ይህ ሳይቀርብ ለብቻው ያስቀመጥኩልህ ነው፤ ብላ፣ ልጄ» አሉኝ።